አራተኛዋ ቀጭን መጽሐፍ፦ የአንድ የወንጀል ልብ ወለድ ሣጥን ጉዳይ

ይህን የመጻሕፍት ሣጥን የገዛሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ጎዶሎ ነበር።

ሻጩ «ሙሉ ስብስብ» ብሎ ነበር የለጠፈው። ፎቶውም ደህና ነበር። ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት በአንድ ማኅደር ውስጥ ተሰድረው ይታያሉ። ቤት ሲደርስ ግን መጻሕፍቱ ላላ ብለው ይንገዳገዳሉ። ከጎን አንዲት ጠባብ ክፍተት አለች። ካርቶኑ በጊዜ ብዛት ሰፍቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ነገሩ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ ስለ ሣጥኑ ሳነብ ነው። በዚያች ክፍተት ውስጥ መኖር የነበረባት አራተኛ መጽሐፍ አለች። ቀጭን ናት። ልብ ወለድም አይደለችም። ሣጥኑን ከተራ ሦስት መጻሕፍት የምትለየው ግን እሷ ናት።

የማወራው ስለ ስዊድናዊው ጸሐፊ ስቲግ ላርሰን የ«ሚሌኒየም» ሦስት ልብ ወለዶች ነው። የአሜሪካው አሳታሚ ክኖፍ በ2010 ኖቬምበር መጨረሻ በሣጥን ያወጣው ልዩ እትም ነው ጉዳያችን። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ማኅደር ያልኩት አስቤበት ነው። የብራና መጻሕፍት በቤተ ክርስቲያን ከቆዳ በተሠራ ማኅደር ውስጥ ይገባሉ፤ በማንገቻቸውም ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ቆዳው የሚሰፋው በመጽሐፉ ልክ ነው። የራሱ ያልሆነ መጽሐፍ ሲገባበት ወይ ይጠብበታል ወይ ይሰፋበታል። ይህ የካርቶን ማኅደርም እንደዚያው ነው። ለአራት መጽሐፍ ተለክቶ ነው የተሠራው። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ራሱ ይናገራል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ሣጥኑን ለመረዳት ጸሐፊውን ማወቅ ግድ ነው። ላርሰን በ1954 በሰሜን ስዊድን ተወለደ። እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ያደገው በገጠር ከአያቶቹ ጋር ነው። ለብዙ ዓመታት በስዊድኑ የዜና ወኪል በቲቲ ሠራ። በ1995 ደግሞ «ኤክስፖ» የተባለውን መጽሔት ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። የመጽሔቱ ሥራ የቀኝ አክራሪዎችንና የናዚ ናፋቂዎችን እንቅስቃሴ ማጋለጥ ነበር። በዚህም የተነሳ የግድያ ዛቻ ይደርሰው ነበር። ልብ ወለዶቹን የጻፈው ከዚህ ሥራ በተረፈችው ሰዓት፣ ማታ ማታ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢዎች ቀላል ያልሆነ ነገር አለ። ላርሰን በ1977 ኤርትራ ሄዶ ነበር። ወዳጆቹ እንደተናገሩት በሻዕቢያ ሥር ያሉ ሴት ተዋጊዎችን የሞርታር አተኳኮስ አሠልጥኗል። የኩላሊት ሕመም ሲይዘው ነው ትቶ የተመለሰው። በዚያ ጦርነት በአንዱም ሆነ በሌላው ወገን ወንድም፣ አባት፣ አጎት ያላጣ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሞርታሩ በማን ላይ እንደሚተኮስም ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆይቻለሁ። ያም ሆኖ መረጃው ለጉዳያችን ያስፈልጋል። ምክንያቱም ላርሰን ወደ ኤርትራ ከመሄዱ በፊት ኑዛዜ ጽፎ ነበር። በሕይወቱ የጻፈው የሚታወቀው ኑዛዜ ያ ብቻ ነው። ያለውን ሁሉ በኡሜኦ ከተማ ላለ ትንሽ ኮሚኒስት ድርጅት ያወርሳል። ምስክር ግን አልፈረመበትም። ስለዚህ በስዊድን ሕግ አይጸናም። ወደዚህች ወረቀት እንመለሳለን።

በ2004 ላርሰን ሦስቱን ልብ ወለዶች ለስቶክሆልሙ አሳታሚ ለኖርስቴትስ ሰጠ። አንዱም ሳይታተም በዚያው ዓመት ኖቬምበር 9 ቀን ሞተ። አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስለነበር ወደ ቢሮው በደረጃ ወጣ። ሰባት ፎቅ ነው። ልቡ አልቻለም። 50 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2005፣ ሁለተኛው በ2006፣ ሦስተኛው በ2007 ወጡ። እስከ 2015 ድረስ ሦስቱ መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል። እሱ አንዷንም ቅጂ በእጁ አልያዛትም።

አሁን ወደ ሣጥኑ። ለምን በ2010?

በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። አንደኛው፣ ሦስተኛው መጽሐፍ በአሜሪካ የወጣው በግንቦት ነው። የመጀመሪያው በ2008፣ ሁለተኛው በ2009 ወጥተው ነበር። ስለዚህ ለገና ገበያ ሦስቱን አንድ ላይ ማቅረብ የሚቻልበት የመጀመሪያው ዓመት 2010 ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርመኛል። በሐምሌ ወር አማዞን፣ ላርሰን በኪንድል (በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያው) ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት የተሸጡለት የመጀመሪያው ደራሲ መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ አስቡት። እጅግ ብዙ ሰው ታሪኩን በስክሪን አንብቦታል። ወረቀት የሚሸጥ አሳታሚ ለእነዚህ ሰዎች ምን ያቅርብላቸው? ታሪኩን ያውቁታል። የሚቀረው ዕቃው ነው። በእጅ የሚያዝ፣ መደርደሪያ ላይ የሚቆም፣ ለስጦታ የሚሆን ዕቃ።

ዋጋው 99 ዶላር ተቆረጠ። ሦስቱን በጠንካራ ሽፋን ለየብቻ የሚገዛ ሰው በሽፋናቸው ላይ በተጻፈው ዋጋ 24.95፣ 25.95 እና 27.95 ዶላር ይከፍላል። ድምሩ 79 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ የጠየቀው ጭማሪ 20 ዶላር አካባቢ ነው። በዚያ 20 ዶላር ምን ተገኘ? መጻሕፍቱ በጨርቅ ተጠረዙ፤ ጨርቁ ላይ ጌጥ ታተመ። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ የውስጥ ሽፋን ወረቀት ተሠራለት። ካርታ ተጨመረ። ቀጭኗ መጽሐፍ ታከለች።

ካርታውን አቅልላችሁ አትዩት። የላርሰን ልብ ወለድ በአድራሻ የተሞላ ነው። ጋዜጠኛው ብሉምክቪስት የሚኖረው ቤልማንስጋታን ቁጥር 1 ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሊዝቤት በኋላ የምትገዛው አፓርታማ ፊስካርጋታን ቁጥር 9 ነው። ሁለቱም በስቶክሆልም በሶደርማልም ደሴት ላይ ያሉ እውነተኛ መንገዶች ናቸው። ሰው ሄዶ በእግሩ ይዞራቸዋል። ስዊድንን የማያውቅ አንባቢ ግን እነዚያን ረጃጅም ስሞች ሲያይ ዝም ብሎ ይዘላቸዋል። እኔም እዘላቸው ነበር። ካርታውን ካየሁ በኋላ ማን ከማን ምን ያህል እንደሚርቅ ገባኝ። ሊዝቤት ስትሸሽ ሩቅ አትሄድም። እዚያው ሰፈሯ ውስጥ ነው የምትደበቀው።

ሣጥኑ ሌላ ጥቅምም አለው። ሦስተኛው መጽሐፍ በእንግሊዝ አገር የወጣው ከአሜሪካ ቀድሞ በ2009 ነው። መጠበቅ ያቃታቸው ብዙ አሜሪካውያን ከለንደን አስመጡት። የሁለቱ አገር እትሞች ሽፋን ለየቅል ነው። አሰባሳቢ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል። ሣጥኑ ሦስቱን በአንድ ልክና በአንድ መልክ ሰጠው።

ሆኖም ይህ አንድ መልክ የላርሰን አይደለም። ይህን ማለት አለብኝ። በእንግሊዝኛ ሦስቱም ርዕሶች «ልጅቷ» እያሉ ነው የሚሄዱት፦ የዘንዶ ንቅሳት ያላት ልጅ፣ በእሳት የተጫወተችው ልጅ፣ የተርብ ጎጆ የረገጠችው ልጅ። ሲያዩዋቸው ገና ከመጀመሪያው ለአንድ ሣጥን የተሰፉ ይመስላሉ። በስዊድንኛ ግን የመጀመሪያው ርዕስ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» ነው። ሦስተኛው «የፈነዳው የአየር ላይ ቤተ መንግሥት» እንደማለት ነው። «ልጅ» የሚለው ቃል ያለው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። ላርሰን የጻፈው በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት ነው፤ ርዕሱም በደለኞቹን በስማቸው ይጠራል። የእንግሊዝኛው ርዕስ ግን ዓይናችንን ከወንዶቹ አንስቶ የልጅቷ ገላ ላይ አሳረፈው። ለሽያጭ በጀ። እኔ በበኩሌ የጎደለ ነገር አለ እላለሁ።

የተርጓሚውንም ስም ተመልከቱ። ሬግ ኪላንድ ይላል። እንዲህ የሚባል ሰው የለም። ተርጓሚው አሜሪካዊው ስቲቨን መሪ ነው። ሦስቱን መጻሕፍት በጥድፊያ ተርጉሞ ነበር። በኋላ የእንግሊዙ አሳታሚ ጽሑፉን ሲያርመው ደስ አልተሰኘም፤ ስለዚህ በብዕር ስም እንዲወጣ አደረገ። እንግዲህ ማኅደሩ ውስጥ ያሉት ሦስት መጻሕፍት ርዕሳቸውን ደራሲው አላወጣውም፤ ተርጓሚያቸውም በራሱ ስም አልቆመላቸውም። ሽፋኑ ግን ያምራል።

ቀጭኗን መጽሐፍ የምወዳት ለዚህ ነው። በጉዳዩ ውስጥ የላርሰን የራሱ ድምፅ የሚሰማው እሷ ላይ ነው።

«ስለ ስቲግ ላርሰን» ነው የምትባለው። ስለ እሱ የተጻፉ መጣጥፎችና ከእሱ ጋር የተደረጉ መጻጻፎች አሉባት። ከዚያ በፊት ያልታተመች መሆኗን አሳታሚው ራሱ ሲያስተዋውቅ ተናግሯል። ከጸሐፊዎቹ አንዷ የኖርስቴትስ አርታኢው ኤቫ ጌዲን ናት። ሌላው የረጅም ዘመን ወዳጁ ዮን ሄንሪ ሆልምበርይ ነው። እኔን የያዘኝ ከአርታኢዋ ጋር የተለዋወጣቸው ኢሜይሎች ናቸው። በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ገጸ ባሕርያቱ የሚያወራው ሰው ገና ማንም አያውቀውም። መጽሐፉ አልታተመም። ይሸጥ አይሸጥ አይታወቅም። ግን በራሱ የሚተማመን፣ ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። በ80 ሚሊዮን ቅጂ ጫጫታ ውስጥ ይህን ጸጥ ያለ ድምፅ የት ታገኙታላችሁ? ልብ ወለዶቹን በየትኛውም ሱቅ ገዝቶ ማንበብ ይቻላል። ለሣጥኑ ሲባል የታሰበችው ግን ይህች ናት።

ልብ በሉ፤ ብዙ የሣጥን ስብስቦች እንዲህ አይደሉም። አሳታሚው በመጋዘን የተረፉ ቅጂዎችን ወስዶ በቀጭን ካርቶን ያስገባቸውና «የስጦታ ስብስብ» ይላቸዋል። አዲስ ነገር የላቸውም። ካርቶኑ ሲቀደድ ስብስቡም ያበቃል። አንድ ሣጥን ሊሰበሰብ ይገባዋል ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ፣ እኔ የማየው ይህን ነው፦ ለዚህ ሣጥን ብቻ የተሠራ ነገር በውስጡ አለ ወይስ የለም?

ወደዚያች ምስክር አልባ ወረቀት ልመለስ።

ላርሰን ከኤቫ ጋብሪኤልሰን ጋር 32 ዓመት ኖሯል። አልተጋቡም። እሷ እንደምትለው ምክንያቱ ደኅንነት ነው። ጋብቻ ሲመዘገብ አድራሻቸው ይፋ ይወጣል፤ የናዚ ናፋቂዎቹ ዛቻ ደግሞ ቀልድ አልነበረም። በስዊድን ሕግ ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ሰዎች ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። የ1977ቱ ወረቀት አይጸናም። ሌላ የለም። ስለዚህ ሀብቱም የድርሰቶቹ መብትም ለአባቱና ለወንድሙ ተላለፈ። ከዓመታት ክርክር በኋላ ቤተሰቡ 20 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ሊሰጣት አቀረበ። እሷ ግን በሥራው ላይ ድምፅ እንዲኖራት ነበር የምትፈልገው፤ አልተቀበለችም። በ2011 የራሷን ታሪክ በመጽሐፍ አወጣች።

ይህ ሁሉ ከሣጥኑ ጋር ምን አገናኘው? ሣጥን «አለቀ» ይላል። ሦስቱን ይዞ ይዘጋል። ላርሰን ግን አልጨረሰም ነበር። አሥር መጻሕፍት ለመጻፍ አስቦ እንደነበር በሰፊው ይታወቃል። ሲሞት በላፕቶፕ ላይ የአራተኛው መጽሐፍ ጅምር ነበር፤ ጋብሪኤልሰን ከ200 ገጽ እንደሚበልጥ ተናግራለች። ታሪኩ በሰሜን ካናዳ በባንክስ ደሴት እንደሚሆን እሱ ራሱ ለሆልምበርይ ጽፎለት ነበር። መብቱ በቤተሰቡ እጅ ሆኖ፣ ያ ጽሑፍ እስካሁን አልታተመም።

ከዚህ ጋር የማነጻጽረው ሌላ የስዊድን ሥራ አለ። ማይ ሾቫልና ፔር ቫሎ፣ ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ጥንዶች፣ ከ1965 እስከ 1975 አሥር የወንጀል ልብ ወለዶች ጻፉ። ከመጀመሪያው አሥር ነው ብለው ተነሱ፤ አሥር ላይ አቆሙ። ቫሎ የሞተው አሥረኛው በወጣበት በዚያው ዓመት ነው። የእነሱ አሥር መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ቢገቡ ሣጥኑ እውነቱን ነው የሚናገረው። የላርሰን ግን የተቋረጠ ሥራ ነው። ማኅደሩ የተቋረጠውን ያለቀ አስመስሎ ያሳያል።

በ2015 ደግሞ ነገሩ ተከፈተ። ኖርስቴትስ በቤተሰቡ ፈቃድ ዳቪድ ላገርክራንትስ የተባለ ጸሐፊ ቀጠረ፤ አራተኛው ልብ ወለድ ወጣ። በላፕቶፑ ላይ ካለው ጅምር የተወሰደ ነገር የለውም። ጋብሪኤልሰን ተቃወመች። ላገርክራንትስ በ2017 እና በ2019 ሁለት ጨመረ። ከዚያ መብቱ ወደ ሌላ አሳታሚ ሄደ፤ ካሪን ስሚርኖፍ በ2022 ሰባተኛውን አወጣች። ዛሬ «የሚሌኒየም ሙሉ ስብስብ» የሚል ነገር ስታዩ፣ «እስከ ስንተኛው?» ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ለ2010ሩ ሣጥን ግን ይህ አልጎዳውም ባይ ነኝ። እንዲያውም ትርጉም ሰጠው። ያኔ «ሙሉ» ነበር። አሁን «የላርሰን» ሆነ። ላርሰን ጽፎ የጨረሰው ልብ ወለድ ሁሉ፣ ከእነ ደብዳቤዎቹ፣ በአንድ ማኅደር። የሌላ ሰው እጅ የለበትም፤ የተርጓሚውና የርዕስ አውጪው ካልሆነ በቀር።

መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ ከተታለልኩት የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሻጩን የማኅደሩን ክፍት ወገን ፎቶ ጠይቁት፤ ጀርባዎቹን ቁጠሩ። አራት መሆን አለባቸው። ቀጥሎ የማኅደሩን ማዕዘኖች እዩ። መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ከባድ ነው። ሦስቱ ልብ ወለዶች ብቻ ከ1,500 ገጽ በላይ ናቸው። ሰው መጽሐፍ ሲያወጣ ከላይ በጣቱ ይጎትታል፤ የጨርቁ ጀርባ ጫፍ በዚያ ይላላል። እኔ ማኅደሩን አዘንብዬ በራሳቸው ጊዜ እንዲንሸራተቱ አደርጋለሁ። መደርደሪያው መስኮት ዳር ከሆነ ደግሞ ጀርባቸው በፀሐይ ይገረጣል፤ በማኅደሩ የተሸፈነው ጎን ግን እንደ አዲስ ይቀራል። ፎቶው ላይ ጀርባና ጎን ሁለት ዓይነት ቀለም ካላቸው ምክንያቱ ይህ ነው።

ትርፍ አስባችሁ ግን አትግዙ። ለትርፍ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚያሳድዱት የ2005ቱን የስዊድንኛ የመጀመሪያ እትም ወይም በ2008 መጀመሪያ በለንደን የወጣውን የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ እትም ነው። ያኔ ላርሰንን ከስዊድን ውጭ ጥቂት ሰው ነበር የሚያውቀው። የሣጥኑ እትም የወጣው ዓለም ሁሉ ካወቀው በኋላ ነው። «ለሰብሳቢዎች» ተብሎ በገፍ የታተመ ነገር እንደ ብርቅ ዕቃ አይወደድም። ገዢዎቹም ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ነው የሚያስቀምጡት፤ ስለዚህ ደህና ደህናው ገበያ ላይ አይጠፋም። ለማንበብና ለማስቀመጥ ከሆነ ግን የተሻለ የላርሰን ስብስብ አላየሁም።

ሁለተኛው ሣጥኔ ሙሉ ነው። ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያወጣሁት ቀጭኗን ነው፤ በአንድ ምሽት ጨረስኳት። የላገርክራንትስን መጽሐፍም አንብቤዋለሁ። ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።

ጎዶሎውን ሣጥን ለአንድ ወዳጄ ሰጠሁት። ልብ ወለዶቹን ለማንበብ ምንም አይጎድልበትም። ስሰጠው ክፍተቷን በጣቴ አሳየሁት፤ እዚያ ውስጥ ምን እንደነበረም ነገርኩት።